ውሃ እንዳይነካው

የፓርኩን ስም አልናገርም። ለሐበሻ ጥሩ ቦታ የጠቆመ ሰው በሚቀጥለው እሁድ መኪና ማቆሚያ አያገኝም። ከሚኒያፖሊስ ወደ ደቡብ ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ፣ ወንዙ አጠገብ የሚገኝ የሕዝብ ፓርክ ነው ብል ይበቃል። በአንድ ጎኑ ድሮ ጠጠር ይወጣበት የነበረ ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ ሲዘጋ የቀረው የጠጠር ክምር እዚያው ተተወና ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ማንም እየገባ አጌት የሚባለውን የከበረ ድንጋይ እንዲፈልግ ተፈቀደ። አጌት ቀይና ቡናማ ሆኖ እንደ ነጠላ ጥለት ነጫጭ መስመር የሚዞርበት ድንጋይ ነው። መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ አንድ ሰው በአንድ መዳፉ ከሚይዘው በላይ እንዳይወስድ ይከለክላል። እኛን መከልከል አያስፈልግም ነበር። በፈረንጆቹ 2018 እስከ መጨረሻዋ እሁድ ድረስ ተመላልሰን ሽንብራ የምታህል እንኳ በዓይኔ አላየሁም።

ጥፋቱ የእህቴ ባል የአለልኝ ነው። ይህን ስል እየሰደብኩት አይደለም፤ እሱም ራሱ ያምናል።

አለልኝ ወሎ፣ ደላንታ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ቁመቱ አጠር፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ግን አንድ ነገር ከያዘ ሞቶ የማይለቅ። እህቴ እህተማርያም "እሺ ብዬ ያገባሁት እምቢ ማለት ስለደከመኝ ነው" ትላለች። ዲቪ ደርሶት ከእሷና ከስድስት ዓመት ልጃቸው ጋር በ2012 መጣ። ሻኮፒ ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ሣጥን ሲያነሣ ሲጥል ይውላል። ሲዋርድ ከሚባለው ሰፈር ካለው አፓርታማቸው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል፤ ሲመለስ ቤቱ ተኝቷል። ልጁ የትምወርቅ ከትምህርት ቤት ስትገባ እሱ መንገድ ላይ ነው፤ ጠዋት እሷ ስትወጣ እሱ እንቅልፍ ላይ ነው። ቅዳሜ ኦቨርታይም አለ። የቀረችው እሁድ ናት።

እሁዷም ብትሆን እየሸሸችው ነበር። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላትና በሯን መዝጋት ጀመረች። ከቅዳሴ መልስ ክፍሏ ትገባለች፣ ስልኳን ታቅፋ ትውላለች። በአማርኛ ሲጠይቋት በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል ትመልሳለች። የአባቷ እንግሊዝኛ የመጋዘን እንግሊዝኛ ነው፤ ሣጥን ለመቁጠር ይበቃል፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ልብ ለማወቅ አይበቃም። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ይዞኝ፣ "ቲጂ፣ ይቺ ልጅ ከእጄ እየወጣች ነው" አለኝ። አለልኝ ሲፈራ መጀመሪያ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

"የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ" አልኩት፣ ላጽናናው ብዬ። "ዕድሜዋ ነው፣ ይተዋታል።"

"እስኪተዋት ድረስ እኔን ረስታኝ ቢሆንስ?" አለ።

የድንጋዩ ነገር የተጀመረው በኤፕሪል አንድ እሁድ ነው። ምሳ ላይ ተቀምጠን ሳለ የትምወርቅ ከክፍሏ ወጣችና አባቷ ፊት ቆመች። ክፍል ውስጥ ስለ ድንጋይ እየተማርን ነው፤ እማዬ አባትሽ ድሮ የከበረ ድንጋይ ይቆፍር ነበር ብላኛለች፤ እውነት ነው ወይ? በእንግሊዝኛ ነው የጠየቀችው፣ ግን ጠየቀችው። ከስንት ወር በኋላ ራሷ ፈልጋ ያነሣችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። አለልኝ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰው።

ነገራት። ደላንታ ላይ ከገደሉ ወገብ ኦፓል ይወጣል፤ ሲያገላብጡት ቀይና አረንጓዴ ቀለም የሚረጭ ድንጋይ ነው። እሱና ታላቅ ወንድሙ እሸቴ ዋሻ ቆፍረው ያወጡ ነበር። አንድ ቀን እሸቴ የዶሮ እንቁላል የሚያክል አገኘ። ነጋዴ ፊት ከማቅረቡ በፊት ጭቃውን ላስለቅቀው ብሎ ምንጭ ውስጥ ነከረው። የደላንታ ኦፓል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ጠጣና ቀለሙ ድራሹ ጠፋ፤ የጠርሙስ ስብርባሪ መሰለ። ነጋዴው ሳቀበት። እሸቴ ተናዶ ለምሳ በማይበቃ ዋጋ ጣለለት። ድንጋዩ ነጋዴው ቤት ሰንብቶ ሲደርቅ ቀለሙ እንዳለ ተመለሰ፤ ወንድማማቾቹ ይህን የሰሙት ነጋዴው ደሴ ወስዶ ከሸጠው በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእነሱ ዘንድ ሕጉ አንድ ሆነ፤ ድንጋይ ውሃ አይንካው። እሸቴ በዓመቱ ዋሻው ተደርምሶበት ሞተ። አለልኝ ከዚያ ወዲያ ዶማ አልያዘም።

ልጅቷ እንደቆመች ቀረች። አጎቷ እንዴት እንደሞተ ሰምታ አታውቅም ነበር። ቆይታ፣ እዚህም እኮ አለ፣ አጌት የሚባል፣ ብላ ስለ ፓርኩ ነገረችው። አለልኝ ብድግ አለ።

"እንሄዳለን! አንድ እስክናገኝ ድረስ በየእሁዱ እንሄዳለን፤ ማርያምን!"

እህተማርያም ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፣ የእሁድ ፈረቃዋ ከሰዓት በኋላ ነው። ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል ጓዳ ጠራችኝ። "አብረሻቸው ሂጂ" አለችኝ። "ብቻቸውን ከሄዱ ዝም ተባብለው ሄደው ዝም ተባብለው ይመለሳሉ።" እኔ ታማሚ ወደ ሆስፒታል የማመላልስ የቫን ሹፌር ነኝ። ስድስት ቀን ነድቼ በሰባተኛው ድንጋይ ለመልቀም መንዳት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ግን እህትዬን እምቢ ብያት አላውቅም።

አለልኝ ለዘመቻ የሚሄድ መስሎ መጣ። የጉልበት መከላከያ፣ መዶሻ፣ የቀለም ብሩሽ፣ ደረቅ ጨርቅ ይዟል። መዶሻውን የፓርኩ ሠራተኛ ገና በር ላይ በትሕትና ተቀበለው፤ በቀረው ገባን። ክምሩ ላይ ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ፀጉር ቤት ውስጥ እንደሚታየው ዓይነት ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ በእጁ ይዟል።

"ለትንኝ ነው" አልኩ እኔ፣ አዋቂ መሆኔ ነው።

"ለትንኝ ነው" አለ አለልኝም። የትምወርቅ ወደ ጠርሙሶቹ አየች፣ ወደ አባቷ አየች።

የአለልኝ አሠራር እንዲህ ነበር። ድንጋዩን ያነሣል፣ አቧራውን በብሩሽ ይጠርጋል፣ በደረቁ ጨርቅ ያሸዋል፣ ከዚያ ወደ ፀሐይ ይዞ እያገላበጠ ቀለም እስኪረጭለት ይጠብቃል። አይረጭም። ይጥልና ሌላ ያነሣል። ክምሩን በእንጨት ምልክት እያደረገ እንደ እርሻ በትልም በትልም ከፋፈለው፤ በእያንዳንዱ እሁድ አንድ ትልም ይጨርሳል። ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ሥራውን ያሳያታል። "ውሃ እንዳይነካው" ይላታል በየአሥር ደቂቃው። የምንጠጣውን ውሃ እንኳ ከመኪና እንዳናወርድ አዘዘን። ዝናብ የጣለበት እሁድማ ከመሐላው ውጭ ነው፤ "እርጥብ ድንጋይ ይዋሻል" ይላል፣ ቤት እንውላለን።

በጁን አንዲት አሮጊት ፈረንጅ፣ ባለ ቢጫ ባርኔጣ፣ ከክምሩ የማትጠፋ፣ አጠገቡ መጥታ ፈገግ አለችና እጁ ላይ ባለው ድንጋይ ልትረጭለት ጠርሙሷን አነሣች። አለልኝ ድንጋዩን በሁለት እጁ ጀርባው ኋላ ደበቀ።

"ኖ! ኖ ዋተር! ፕሊስ!"

ሴትዮዋ ደንግጣ "ሶሪ፣ ሶሪ" እያለች ሄደች። "ድንጋይ የማያውቅ ሰው በዛ" አለኝ አለልኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በዚያ ክምር ላይ ስለ እኛ ምን ምን እንደተወራ እግዜር ይወቀው። የትምወርቅ አፍራ ኖሮ ሴትዮዋን ተከትላ ይቅርታ ልትጠይቃት ሄደች። ቆመው ብዙ ሲነጋገሩ አየኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ቧንቧ ማዘውተር ጀመረች። ቧንቧው ሽንት ቤቱ አጠገብ ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ትሄዳለች። "ኩላሊትሽን ነው እንዴ የሚያምሽ?" እላታለሁ። ትስቅና ትሄዳለች።

የገረመኝ አለመሰልቸቷ ነው። እኔ በሦስተኛው እሁድ አንገፍግፎኝ የቫኑን ወንበር አዘንብዬ እተኛ ነበር። እሷ ግን እሁድ ሲመጣ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ትጠብቃለች። መኪና ውስጥ ስለ እሸቴ ትጠይቃለች፤ ዋሻ ውስጥ ምን ይበላ ነበር? ይዘፍን ነበር? አንተን ይመታህ ነበር? እሷ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ እሱ በአማርኛ ይመልሳል፣ እኔ መሪ ይዤ መሐል ላይ አስተረጉማለሁ። ኦገስት ላይ አስተርጓሚነቴ ቀረ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እየነዳሁ ሳዳምጥ ያለ እኔ እየተግባቡ ነው።

አለልኝ ይህን አላየም። እሱ የሚያየው ባዶ እጁን ነው። ፍልሰታን ጾሞ፣ ፀሐይ አናቱ ላይ ቆማ፣ ጉልበቱ አብጦ፣ ሌላ ትልም ይጀምራል። "ይበቃሃል፣ ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን እንኳ ሰው እንዲህ አልለቀመም" ስለው "በሚቀጥለው" ይለኛል። ሴፕቴምበር ላይ መኪና ውስጥ እያለን የትምወርቅ፣ ዳድ፣ ባናገኝም ችግር የለም፣ አለችው። ነዳጅ ልሞላ ስወርድ ተከትሎኝ ወረደ። ፊቱ አመድ ሆኗል።

"ሰማሻት? ሰለቻት። ባናገኝም ግድ የለም የሚል ሰው ሊተው ያሰበ ነው።"

"ልታጽናናህ ነው እንጂ።"

"አይደለም። ድንጋይ አውቃለሁ ብዬ ስድስት ወር አንከራተትኳት። አንድ ካላሳየኋት አባቴ ወሬ ብቻ ነው ብላ ነው የምትቀረው።"

የመጨረሻው እሁድ ኦክቶበር 28 ዋለ። ከዚያ በኋላ ክምሩ ይታጠራል፣ በረዶ ይወርዳል፣ እስከ ኤፕሪል አይከፈትም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዝናቡ ያወርደዋል። እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ።

"እንሄዳለን" አለ አለልኝ።

"ዝናብ እኮ ነው! እርጥብ ድንጋይ ይዋሻል ያልከው አንተ ራስህ አይደለህ?"

"ይዋሽ።" ልጅቷ ጃኬቷን ልታመጣ ስትሄድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እስከ ኤፕሪል አምስት ወር ነው ቲጂ። በአምስት ወር ውስጥ በሯን መልሳ ትዘጋዋለች። ዛሬ የሆነ ነገር እጇ ላይ ማስቀመጥ አለብኝ።"

የትምወርቅ እንሂድም አላለች፣ እንቅርም አላለች። ኮፍያዋን አድርጋ ከኋላ ወንበር ገባች። ሌላ ጊዜ መንገዱን ሙሉ የምታወራው ልጅ ያን ቀን ትንፍሽ አላለችም።

ስንደርስ መኪና ማቆሚያው ጢም ብሏል። እንዲህ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ሰዉ የዝናብ ልብስ ለብሶ ክምሩ ላይ ተርመስምሷል፤ እየሳቀ፣ እየተጠራራ። ጠርሙስ የያዘ አንድም የለም። "ዝናብ ላይ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ምን ይሠራል?" አልኩ። ባለ ቢጫ ባርኔጣዋ ሴትዮ ለየትምወርቅ ከሩቅ እጇን አወዛወዘችላት።

አለልኝ ክምሩ ጫፍ ደርሶ ቆመ። ስድስት ወር ሙሉ አቧራ የለበሰው ጠጠር ቀይ፣ ቡናማ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ሆኗል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ መልኩን አውጥቷል። ቀስ ብሎ ተንበረከከ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ባቄላ የምታህል ቀይ ድንጋይ አነሣ። ነጫጭ መስመሮች ዙሪያዋን ዞረዋታል። ልማድ ነውና በጨርቁ አደረቃት። መስመሮቹ ደበዘዙ፤ ስድስት ወር ከጣልናቸው ጠጠሮች የማትለይ ሆነች። መዳፉን ለዝናቡ ዘረጋ። መስመሮቹ ተመለሱ። እንደገና አደረቃት፣ እንደገና ዘረጋ። በሦስተኛው ጨርቁን ወረወረው።

"አየሽ ቲጂ? ይሄኛው ሲጠጣ ነው የሚታየው! ስናነሣው ስንጥለው ነው የከረምነው!" ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፣ ከሆዱ። "ጉድ እኮ ነው! እሸቴ ቢያየኝ በሳቅ ይንከባለል ነበር።" እኔም ጠርሙሶቹ ትዝ አሉኝ። ለትንኝ!

ከዚያ ዞሮ ጮኸ። "የትሜ! የትሜ ነይ! አገኘን!"

የትምወርቅ አልመጣችም። ራቅ ብላ እንደቆመች ታለቅሳለች። የዝናብ ውሃ ነው እንዳልል ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለልኝ ተነሥቶ በጭቃው እየተንሸራተተ ደረሰባት።

"ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ? አገኘን እኮ።"

የጃኬቷን ዚፕ ከፈተችና ከውስጥ ኪሷ ትንሽ የከረሜላ ቆርቆሮ አወጣች። ውስጡ እርጥብ ሶፍት አለ። ሶፍቱን ገለጠችው። የተምር ፍሬ የሚያክል አጌት ነው፤ አባቷ ካነሣት የበለጠ የቀላ፣ መስመሩ ተስተካክሎ የዞረ።

"ይሄ ከየት መጣ?"

በጣቷ ክምሩን አሳየችው።

"መቼ?"

"ጁላይ።"

"የውሃውንም ነገር ታውቂ ነበር?"

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ለካ ሴትዮዋ አሳይታት፣ ቧንቧ ጋ የምትመላለሰው የለቀመችውን ልታጥብ ኖሯል። ኩላሊቷ ደኅና ነበር።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ አለልኝ። አልተቆጣም፣ ግራ ነው የተጋባው።

በእንግሊዝኛ ትመልሳለች ብዬ ላስተረጉም ተዘጋጀሁ። እሷ ግን የራሱን ቃል፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ በአማርኛ መለሰችለት።

"አንድ እስክናገኝ ድረስ በየእሁዱ እንሄዳለን፣ ማርያምን፣ አልክ። ካገኘን ያልቃል።"

እኔ ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። ከጁላይ ወዲህ የነዳሁት እሁድ ሁሉ ፊቴ ላይ መጣብኝ፤ አራት ወር ሙሉ የተገኘ ድንጋይ ፍለጋ! ከዚያ የአለልኝን ፊት አየሁና አፌን መልሼ ዘጋሁ። ሰው እንዲህ ሲፈለግ አይቼ አላውቅም። ቀናሁ ብል ውሸት አይደለም።

አለልኝ የእሷን ድንጋይ ከቆርቆሮው አንሥቶ መዳፉ ላይ ከራሱ ጎን አስቀመጠው። ዝናቡ በሁለቱም ላይ ይወርዳል። ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ ያ የማውቀው የግትር ፊቱ መጣ።

"ይሄ ያንቺ ነው" አለ። "ይቺ የኔ ናት። የእሸቴ አልተገኘም።"

ልጅቷ ቀና አለች።

"አጎትሽ ደግሞ ትንሽ ድንጋይ አይቀበልም፤ እንቁላል የሚያክል የለመደ ሰው ነው። እሱን ስንጨርስ የእናትሽ አለ። ከዚያ የቲጂ።"

"የኔ ይቅርብኝ!" አልኩ።

"ዝም በይ አንቺ። ማርያምን ብያለሁ።"

የትምወርቅ እያለቀሰች ሳቀች። አለልኝ ጎንበስ ብሎ የጃኬቷን ዚፕ እስከ አንገቷ ዘጋላት፤ ፓርኩ እስኪዘጋ ድረስም የእሸቴን ሲፈልጉ ዋሉ፣ አላገኙም።

የበረዶውን ክረምት ሁለቱ ድንጋዮች ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከረሙ። ውሃውን በየእሁዱ የሚቀይረው አለልኝ ነበር። ልጅቷ አሥራ ሦስት ሆናለች፣ በሯን አሁንም ትዘጋለች፤ እሁድ ከሰዓት ግን አባትና ልጅ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ የእሸቴን የት እንፈልግ እያሉ የወንዙን ካርታ ሲያዩ ይውላሉ።

በኤፕሪል የመጀመሪያው እሁድ ከቅዳሴ ተመልሼ ገና ጋደም ከማለቴ ስልኬ ጮኸ። የትምወርቅ ናት።

"ቲጂዬ፣ ተነሺ ቶሎ ነይ!" አለችኝ። "እየዘነበ ነው! የእሸቴን ልናመጣ ነው!"

የቫኑን ቁልፍ አንሥቼ ወጣሁ።